በተርሚናል ላይ ዓምድ ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተዘበራረቀ ዝርዝርን በሠንጠረዥ መልክ ለማየት ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ «ኮለም» (column) የሚባለውን ትእዛዝ ቲ (-t) ከሚለው ኦፕሽን ጋር መጥራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሊኑክስም ማክም ላይ ይገኛል። ዝርዝሩ በአማርኛ ሲሆን ግን በላቲን ፊደል ብቻ የተሞከሩ መመሪያዎች የማያነሷቸው ችግሮች ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ስህተት መለያውን፣ ማለትም ዓምድን ከዓምድ የሚለየውን ምልክት፣ አለመንገር ነው። ምንም ካልተባለ «ኮለም» ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር አዲስ ዓምድ ይጀምራል። ከተማና የትኬት ዋጋ የያዘ ፋይል ቢሰጡት «ሐዋሳ» አንድ ዓምድ፣ «ባሕር ዳር» ሁለት ዓምድ ይሆናል፤ ዋጋውም በአንዱ መስመር ሁለተኛ፣ በሌላው ሦስተኛ ቦታ ላይ ያርፋል። ስምን ከነአባት ስም የሚጽፍ ዝርዝርም እንዲሁ ይፈርሳል። ስለዚህ ፋይሉን ሲያዘጋጁ በታብ ወይም በሁለት ነጥብ (:) ይለዩ፤ ከዚያ ኤስ (-s) በሚለው ኦፕሽን መለያውን ይንገሩት። ኮማ የሚመርጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ፦ «ኮለም» የጥቅስ ምልክትን አያከብርም፤ በጥቅስ ውስጥ ያለውንም ኮማ ይቆርጠዋል።

ባዶ ቦታን ዝም ብሎ ማለፍም ያሳስታል። ስልክ ያልሞላ ሰው መስመር ላይ ሁለት መለያዎች ተከታትለው ይመጣሉ። በሊኑክስ ያለው «ኮለም» ትእዛዙን ከያዘው የዩቲል-ሊኑክስ ጥቅል 2.23ኛ ስሪት ጀምሮ ባዶውን ቦታ ይጠብቃል፤ የማኩ ግን ሁለቱን መለያዎች እንደ አንድ ቆጥሮ ቀጣዩን መረጃ ወደ ግራ ይስበዋል። ውጤቱ ንጹሕ ስለሚመስል የአንዱ አድራሻ በስልክ ዓምድ ሥር ገብቶ ሳይታይ ያልፋል፤ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። አስቀድመው በ«ሴድ» (sed፣ ጽሑፍ ፈልጎ የሚተካ ትእዛዝ) ባዶው ላይ ሰረዝ ያስገቡ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ባዶዎች ሊከታተሉ ስለሚችሉ መተኪያውን ሁለቴ ያስኪዱት።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ዋናው ወጥመድ «ፕሪንትኤፍ» (printf፣ ጽሑፍን በተወሰነ ስፋት የሚያትም ትእዛዝ) ነው። በባሽ (bash፣ ተርሚናል ላይ ትእዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ያለው «ፕሪንትኤፍ» ስፋትን በባይት እንጂ በፊደል አይቆጥርም፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደሎች ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጡበት የተለመደ ኮድ) ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስፋቱን 15 ብለው ቢያዙት «ሐዋሳ» 9 ባይት ስለሆነ 6 ክፍት ቦታ ይጨመርለታል፤ «ባሕር ዳር» ግን ክፍት ቦታውን ጨምሮ 16 ባይት ስለሚሞላ ምንም አይጨመርለትም። አንዱ በ9፣ ሌላው በ6 ፊደል ስፋት ያበቃል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ መዛነፉ ከፊደሉ ብዛት ጋር አብሮ ይሄዳል። ጽሑፍን በየመስመሩ ከሚያቀናብረው «አውክ» (awk) ዓይነቶች «ማውክ»ም በባይት ይቆጥራል፤ «ጋውክ» ግን ሎኬሉ (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) ዩቲኤፍ-8 ከሆነ በፊደል ይቆጥራል። «ኮለም»ም ስፋቱን የሚለካው በሚታየው ፊደል ስለሆነ ለአማርኛ የተሻለው እሱ ነው።

እሱም ቢሆን ሎኬሉ ትክክል መሆን አለበት። በእጅ ሲያስኬዱት የሚሠራ ስክሪፕት በ«ክሮን» (cron፣ ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስነሣ ፕሮግራም) ሲነሣ ሊበላሽ ይችላል፤ «ክሮን» የእርስዎን ተርሚናል ቅንብር ይዞ አይነሣምና። ዩቲኤፍ-8 የሆነውን ሎኬል ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ይጻፉት።

ቁጥሮችን ወደ ግራ አስጠግቶ መተውም አይመከርም፤ 90 እና 1250 በአንድ ዓምድ ሲነበቡ ዓይን ያሳስታሉ። በአዲሱ የሊኑክስ «ኮለም» ካፒታል አር (-R) ከዓምዱ ቁጥር ጋር ሲጻፍ ወደ ቀኝ ያስጠጋል። የማኩ ይህ የለውም።

«ኮለም» የመጨረሻውን መስመር ሳያነብ የመጀመሪያውን አያትምም። እየተጻፈ ያለ ሎግን (የክንውን መዝገብ ፋይል) በ«ቴል» (tail፣ የፋይልን መጨረሻ በሚያሳይ ትእዛዝ) እየተከታተሉ ወደ እሱ ቢልኩ ምንም አያዩም። ለዚያ ሥራ ቋሚ ስፋት ያለው «ጋውክ» ይሻላል።

የተስተካከለውን ሠንጠረዥ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ የመጨረሻው ስህተት ነው። እዚያ የፊደሎቹ ስፋት እኩል አይደለም፤ በኮድ ቅርጽ ቢልኩትም የግዕዙ ፊደል ከሌላ ፎንት ሊመጣ ስለሚችል መስመሩ ይሸሻል። ለሰው የሚልኩት ከሆነ ዋናውን ፋይል በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በተለዩበት ፋይል) ይላኩለት።