የፍራፍሬ ዝንብ ዓይን ብርሃንና ጨለማን እንዴት እንደሚለምድ በቤት መፈተሽ

ፒያሳ ጭማቂ ቤቶች ደጃፍ፣ የማንጎና የሙዝ ልጣጭ በተከማቸበት፣ ቀይ ዓይን ያላት ደቃቅ ዝንብ አትጠፋም። አንዱ ዓይኗ ብቻ ወደ 750 የሚጠጉ ጥቃቅን ዓይኖች ስብስብ ነው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ 8 ብርሃን ተቀባይ ህዋሶች አሉ።

ከፀሐይ ወደ ጓዳ ስንገባ ዓይናችን ጥቂት ቆይቶ እንደሚለምድ የእሷም በደቂቃዎች ይለምዳል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሰዓታት የሚፈጀው ለውጥ ነው። ህዋሱ ብርሃን ሲያገኝ የሚከፈቱ ሁለት ዓይነት በሮች አሉት፦ ቲአርፒ እና ቲአርፒኤል። ዝንቧ ብርሃን ላይ ስትውል ቲአርፒኤል ቦታውን ለቆ ወደ ህዋሱ ውስጥ ይገባል፤ ጨለማ ውስጥ ስትቆይ ይመለሳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። በሩ ሲመለስ ዓይኑ ለደካማ ብርሃን ይነቃል።

መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ የበሰለ ሙዝ ጨምሩ። አፉ ላይ እንደ ቆሎ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ጫፉ በጥቂቱ የተቀደደ ወረቀት ስኩበት። 40 ያህል ሲገቡ በሁለት ጠርሙስ እኩል ከፍላችሁ አፋቸውን በፋሻ እሰሩ።

ቀጥሎ አንዱን በኤልኢዲ አምፖል ፊት፣ ሌላውን በፎይልና በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፍናችሁ 24 ሰዓት አቆዩ። ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፣ የበረዳት ዝንብ ደግሞ ትፈዛለች። መብራት ከጠፋ እንደገና ጀምሩ። እኔ ሌሊት መጥፋቱን ሳላውቅ ቆጥሬ ውጤቱ ተምታቶብኛል።

ለፈተናው ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶችን አፍ ለአፍ በፕላስተር አጣብቁና አንዱን በፎይል ጠቅልሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ እንዲህ ያለ መተላለፊያ ያስፈልጋል። ዝንቦቹን ወደ መተላለፊያው ስታዛውሩ የስልክ መብራት ላይ ቀይ ሴሎፎን ሸፍኑ፤ ዓይናቸው ቀይ ብርሃንን እምብዛም አያይም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሁለቱንም ቡድን 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ። ፈጣኑ ልምምድ በዚህ ጊዜ ይስተካከላል፤ ቲአርፒኤል ግን ለመመለስ ብዙ ሰዓት ስለሚፈልግ ልዩነቱ ይቆያል። ይህን ከዘለላችሁ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ መተላለፊያውን አጋድማችሁ፣ ባልተሸፈነው ጫፍ በኩል በብዙ ወረቀት የተጋረደ ደካማ መብራት አብሩ። ከ1 ደቂቃ በኋላ ወደ ብርሃኑ የመጡትን ቁጠሩ፤ በሩ የተመለሰላቸው፣ ጨለማ የቆዩት እንዲበዙ ይጠበቃል። ወረቀቱን አንስታችሁ በደማቅ ብርሃንም ድገሙት። በደማቁም አንዱ ቡድን ወደኋላ ከቀረ ችግሩ ከዓይን ሳይሆን ከድካም ሊሆን ይችላል።

በአዳዲስ ዝንቦች ቢያንስ 5 ጊዜ ድገሙ። በመጨረሻ ቡድኖቹን አቀያይሩ፦ ጨለማ የቆዩት ብርሃን ላይ፣ ብርሃን ላይ የነበሩት ጨለማ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆዩ። ልዩነቱም አብሮ ከተገለበጠ ያመጣው ብርሃኑ ነው።