ጎርፍ ግቢያችሁ እንዳይገባ ምን ታደርጋላችሁ?

ጂቡቲን በመሰለ የባሕር ጠረፍ ከተማ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውኃው መሄጃ ያጣል። መሬቱ ሜዳ ነው። ባሕሩ ሞልቶ ከመጣ ደግሞ የቱቦውን አፍ ይዘጋዋል። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ባሕር የለን፤ ቁልቁለት ግን ሞልቶናል። ታዲያ ደብረ ብርሃን ላይ ጎርፍ ሳሎን ድረስ የሚገባው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት መረሬው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ጠግቦ ያብጥና ውኃ አላሳልፍም ይላል። ሌላው ፌስታልና ሃይላንድ የጠቀጠቅንበት ዲች ነው።

ሥራው ከሐምሌ በፊት ማለቅ አለበት። በመጀመሪያ ማየት ነው። የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውኃው በየት ገባ? የት ቆመ? በየት ወጣ? ችካል እየተከላችሁ ምልክት አድርጉ። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ቀጥሎ ጣሪያ። ብዙ ሰው ጎርፍ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,800 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 9 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው። አሸንዳ አሠሩ፣ በርሜል ደቅኑበት፣ ትርፉን ወደ ቦይ ልቀቁት።

ቦዩን ከቤቱ ሽቅብ በኩል ቆፍሩ፤ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ልኩን ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውኃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ማየት ይቻላል። ቁልቁለቱ ከበዛ ውኃው አፈሩን ይቦረቡራል፣ ድንጋይ ደርድሩበት። መጨረሻው ግን የጎረቤት ግቢ እንዳይሆን። ከታች ያለውን ሰው ቡና ጠርታችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚነሳው ጠብ ከጎርፉ ይብሳል።

የበራችሁን ዲች ከሰፈሩ ሰው ጋር አንድ ቀን ጥረጉት። እባካችሁ ደለሉን እዚያው ዳር ቆልላችሁ አትሂዱ! የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ በር ላይ መደርደርም ይረዳል። እስከ ግማሹ ወይም ትንሽ አልፎ ሙሉት፣ አፉን ከሥሩ እጠፉት፣ እንደ ጡብ እያቆላለፋችሁ ደርድሩ፣ ረግጣችሁም አስተኙት። እኔ አንድ ክረምት የውጭውን በር እንዲህ አድርጌ ጥርቅም አደረግኩት። ከውጭ ጠብታ አልገባም። ከራሴ ቆርቆሮ የወረደው ግን መውጫ አጥቶ ወጥ ቤቱን አጥለቀለቀው። መዝጋት ከማሰባችሁ በፊት መውጫ አብጁ።

ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። የሮቢ ወንዝ ድንገት ቢደፈርስ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከሰማችሁ ደራሽ ጎርፍ ነው፤ ከብትና ልጅ ከወንዙ አውጡ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ኃይለኛ ጎርፍ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

ውኃ ቤት መግባት ከጀመረ እግራችሁ ሳይረጥብ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ቆጣሪው ጋ ውኃ ከደረሰ አትጠጉት።

ጎርፉ ሲጎድል የጉድጓድ ውኃ አትመኑ፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተቀላቅሎበት ይሆናል። አጥልላችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጣርታችሁ አፍሉት። ሸዋ ሮቢት ላይ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ግን ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ ቶሎ፣ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እዚያ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።