የኬጂ የግድግዳ ጨዋታ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ኬጂ ሄጄ ነበር። ግድግዳው በጣም ያምራል። ፊደሉ በቀለም ካርቶን ተቆርጦ በየኪሱ ገብቷል፣ ቁጥሩ በቆርኪ ተደርድሯል። መምህሯ ስንት ሌሊት እንዳመሸችበት ያስታውቃል። ልጆቹ ግን እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እሷ በዱላ ትጠቁማለች፣ እነሱ ይጮሃሉ፦ «ሀ! ሁ! ሂ! ሃ!»

ይሄ ነው የመጀመሪያው ስህተት፣ እኔንም በጣም የሚያበሳጨኝ። እባካችሁ ዱላውን አስቀምጡት! ልጅ ያልነካው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም። አንዱን ልጅ ጠርቼ «ሉ የቷ ናት? አሳየኝ እስቲ» አልኩት። ጣቱን ሀ ላይ አድርጎ ከላይ ጀመረ። እየዘመረ ወረደ፣ ለ ቤት ሲደርስ ዜማው ከጣቱ ቀደመ። አፉ «ሉ» ሲል ጣቱ ገና ለ ላይ ነበረች። 33ቱ ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ ይሄን ሁሉ በዜማ መያዝ ይቻላል፣ ፊደል መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮ የኔታዎች ይሄን ያውቁ ነበር። ሀሁን የጨረሰውን ልጅ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ልጁ ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። እናንተም ፊደሎቹን አውርዱና ሳጥን ውስጥ ቀላቅሏቸው። ልጁ አንዷን ያውጣ፣ ቤቷን ይፈልግላት፣ ራሱ ይለጥፍ። ወይም ካርቶን ላይ የአንድ ፊደል ልክ መስኮት ቁረጡና ገበታው ላይ አንሸራትቱት፤ በመስኮቱ የምትታየውን ብቻ ይጥራ።

በኮላ አታጣብቁ። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ የወላጆች ቀን ደርሶ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ቁራጮቹን በሙሉ አጣበቅኳቸው። አንዲት ልጅ ጠርዙን በጥፍሯ እየፋቀች «ቲቸር፣ ይሄ አይወጣም እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን አልረሳትም። ልጅ የሚነካው ነገር ይቆሽሻል፣ ይቀደዳል። ይቀደድ! ካርቶን ነው፣ ነገ ሌላ ይቆረጣል።

ከፍታ። የ3 ዓመት ልጅ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር አይሞላም። ስትሰቅሉ ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁ ካረፈበትም ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

ትንንሽ ቁራጭ ላይ ድርድር የለም። የሶፍት ጥቅል መሃል ያለውን የካርቶን ቱቦ ያዙ። በቱቦው የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ቆርኪም ያልፋል። ማግኔት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ልጅ ሁለት ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ይሳሳባሉ፣ መሃላቸው የገባውን አንጀት ጨምቀው ሊበሱት ይችላሉ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትን ትንንሾቹን ማግኔቶች ከክፍሉ አውጡ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ «ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።

ግድግዳውን በሙሉ አትሙሉት። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሰራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የኬጂ ልጆችን አንዴ በጌጥ በተሞላ ክፍል፣ አንዴ ባዶ ግድግዳ ባለው ክፍል አስተማሯቸው። ጌጥ በበዛበት ክፍል ልጆቹ ይበልጥ ትኩረታቸው ተበተነ፣ የተማሩትም አነሰ። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ጨዋታ ብቻ ስቀሉ፣ የቀረው ቁም ሳጥን ይግባ።

ሃምሳ ልጅን አንድ ጨዋታ ፊት አታሰልፉ። አስረኛው ልጅ ተራው ሳይደርስ ፀጉር መጓተት ይጀመራል። ሦስት አራት ቦታ ስቀሉ፣ በየቦታው አራት አራት ልጅ ይቁም፣ ሌሎቹ ተቀምጠው ሌላ ነገር ይስሩ፣ ከዚያ ይቀያየሩ።

አንድ የቀረኝ ማረም ነው። ልጁ ሲሳሳት ቶሎ «አይደለም!» ብለን ከእጁ እንነጥቀዋለን። የዚያን ቀን ከመምህሯ ጋር ሆነን የለ እና የሰ ቤትን፣ 14ቱን ፊደል ብቻ አውርደን ሳጥን ውስጥ ከተትን። ያው ልጅ መጣና ሉን አወጣ። ሱ ቦታ ላይ ለጠፋት። መምህሯ ልትናገር ስትል ክንዷን ያዝ አደረግኳት። ልጁ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ከጎኗ ያሉትን አየ። ነቀላት። እግሮቿን በጣቱ ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ሄዶ ለ አጠገብ አስቀመጣት።