ኢንተርሉኪን-2 አልሠራ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኢንተርሉኪን-2 ቲ-ሴል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል እንዲባዛ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። ሪኮምቢናንት (በጂን ምህንድስና የተመረተ) የሰው ኢንተርሉኪን-2 ተጨምሮበት ቲ-ሴሉ አልባዛ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው አምራቹ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ቪያሉ (ትንሿ ጠርሙስ) በተከፈተበት፣ ዱቄቱ በሟሟበት፣ ሒሳቡ በተሠራበት ወይም ቱቦው በተቀመጠበት መንገድ ላይ ነው። ፕሮቲኑ 133 አሚኖ አሲድ ያለውና 15.5 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ትንሽ ነገር ነው፤ ውሃ ይሸሻል፣ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። እዚህ የምናየው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ተመርቶ በደረቅ ዱቄት የሚመጣውን ነው።

ቪያሉ ባዶ ይመስላል

50 ማይክሮግራም ደረቅ ፕሮቲን ዓይን አይሞላም። አንዳንዴ የቪያሉ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ጉም ይታያል፣ አንዳንዴ ክዳኑ ሥር ተለጥፎ ጨርሶ አይታይም። ክዳኑ በችኮላ ከተከፈተ በኖ ይጠፋል። ስለዚህ ሳይከፍቱ ወደ ክፍል ሙቀት እስኪመጣ 15 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በትንሿ ሴንትሪፉጅ ለ30 ሰከንድ ያሽከርክሩት። ማሟሟያውን ሲጨምሩም መሃል ላይ ብቻ አያፍስሱ፤ ግድግዳውን ዙሪያውን ያጥቡት።

ሲሟሟ ደፈረሰ፣ ወይም ክር የሚመስል ነገር ተንሳፈፈበት

ቀጥታ ፒቢኤስ (ገለልተኛ የጨው መፍትሄ) ውስጥ ተጨምሮ ይሆናል። ኢንተርሉኪን-2 ገለልተኛ ፒኤች ላይ በከፍተኛ ክምችት መሟሟት አይወድም። ቦታ 125 ላይ ያለው ነጻ ሲስቲንም ያልተፈለገ ትስስር ይፈጥራል፤ አልደስሉኪን የተባለው መድኃኒት ላይ ይህ ሲስቲን በሴሪን የተተካው በዚሁ ምክንያት ነው። ቮርቴክስ ማድረግ (በማሽን በኃይል መናጥ) ደግሞ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውም ፕሮቲኑን ያበላሻል።

የምርቱ ወረቀት ሌላ ካላዘዘ በቀር በ100 ሚሊሞላር አሴቲክ አሲድ ያሟሙት። 57.5 ማይክሮሊትር ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ንጹሕ ውሃ ላይ ጨምረው 10 ሚሊ ሊትር ቢሞሉት ይህን ያገኛሉ። በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ የሚጣራው አሲዱ ነው፣ ፕሮቲኑ አይደለም፤ ማጣሪያው ፕሮቲኑን ይዞ ያስቀረዋል። ክምችቱን ከ0.1 እስከ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ያድርጉት፣ 10 ደቂቃ ያሳርፉት፣ ቪያሉን በእጅ በቀስታ ያዘንብሉት። አሲዱ ሴሎቹን ይጎዳል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ ሚዲየም (የሴሎቹ ማሳደጊያ ፈሳሽ) ላይ ሺህ እጥፍ ሲቀጥን ከ0.1 ሚሊሞላር አይበልጥም። አንዴ ደፍርሶ በሴንትሪፉጅ ዝቃጭ ያወጣ ግን አይዳንም። ከላይ የቀረው ፈሳሽ ስንት ፕሮቲን እንደያዘ ስለማይታወቅ ቢጣል ይሻላል።

ሴሎቹ አይባዙም፣ ወይም ያለፈው ወር ውጤት አይደገምም

ሌላውን ሁሉ ከመጠራጠር በፊት ሒሳቡን እንደገና ይሥሩት። አንዱ ፕሮቶኮል በናኖግራም፣ ሌላው በዓለም አቀፍ ዩኒት ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ 1 ሚሊግራም 10 ሚሊዮን ዩኒት ነው ከተባለ፣ 100 ዩኒት ማለት 10 ናኖግራም ነው። "100" የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ 100 ናኖግራም የጨመረ ሰው አሥር እጥፍ ሰጥቷል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ የ50 ማይክሮግራም ቪያል 500,000 ዩኒት አለው። በ500 ማይክሮሊትር ሲሟሟ በእያንዳንዱ ማይክሮሊትር 1,000 ዩኒት ይሆናል። ለ10 ሚሊ ሊትር ሚዲየም በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ቢያስፈልግ 1 ማይክሮሊትር ይበቃል ማለት ነው፤ ግን 1 ማይክሮሊትር በፒፔት በትክክል አይለካም። 10 ማይክሮሊትሩን ሴረም ካለው 990 ማይክሮሊትር ሚዲየም ጋር ቀላቅለው ከዚያ 100 ማይክሮሊትር ይውሰዱ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አምራቾች ዩኒቱን ከራሳቸው የሴል ሙከራ ብቻ ያሰላሉ፦ ግማሽ ምላሽ የሚሰጠው መጠን 0.1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ፣ አንድ ሚሊዮንን ለ0.1 አካፍለው 10 ሚሊዮን ይላሉ። ከዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ጋር ካልተነጻጸረ ይህ ዓለም አቀፍ ዩኒት አይደለም። አምራች ሲቀየር በአዲሱ ቪያል 10፣ 30፣ 100 እና 300 ዩኒት በሚሊ ሊትር ሞክሮ መጠኑን ማስተካከል ግድ ነው።

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ካልባዙስ? ያልነቃ ቲ-ሴል ሲዲ25 የሚባለውን የተቀባዩን ክፍል በበቂ አያወጣም፤ ኢንተርሉኪን-2 ብቻውን ቢፈስበት ብዙም አይመልስም። መጀመሪያ በፀረ-ሲዲ3 እና ፀረ-ሲዲ28 ፀረ-አካላት ወይም በፒኤችኤ (ቲ-ሴልን የሚያነቃ የዕፅዋት ፕሮቲን) ያንቁት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲዲ25 መውጣቱን በፍሎ ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚያነብ ዘዴ) ይዩ። ኤንኬ ሴል (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ደግሞ በአብዛኛው ያለው መካከለኛ ትስስር ያለው ተቀባይ ስለሆነ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል። የነቁ ሴሎች ኢንተርሉኪን-2ን ይበሉታልና በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይጨምሩላቸው። ሚዲየሙ ቀይነቱን ትቶ ቢጫ ከሆነ ሴሉ በዝቷል፤ ወደ 0.5 ሚሊዮን ሴል በሚሊ ሊትር አሳሱት።

መጀመሪያ ሠርቶ በኋላ ደከመ

የዚህ መነሻው ፍሪዘሩ ነው። ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ ፕሮቲኑን ያቆራኘዋል። በረዶ በራሱ የሚያራግፍ ፍሪዘር እርስዎ ሳይነኩት ቱቦውን በየጊዜው ያሞቀዋል፤ መብራት ሲጠፋ በሩን የሚከፍት ሰው ካለ ደግሞ ባሰ። በቀጭን ክምችት የተቀመጠው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

0.1 በመቶ የሰው ወይም የከብት አልቡሚን ይጨምሩበትና ፕሮቲን በማይዝ የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ከ20 ማይክሮሊትር ባላነሰ መጠን ከፋፍለው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስቀምጡት። ከፍሪዘር የወጣ ቱቦ አይመለስም፤ የተረፈው በ4 ዲግሪ ለሳምንት ይበቃል። ቱቦው ላይ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር፣ ክምችትና ቀን ይጻፉ፤ "አይኤል-2" ብቻ የተጻፈበት ቱቦ ከስድስት ወር በኋላ የማንም አይደለም።

ሞኖሳይቶች (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ያለ ምክንያት ቲኤንኤፍ (የብግነት ፕሮቲን) ያወጣሉ

ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ መርዝ) ይጠርጠሩ። የተወሰነውን ለ30 ደቂቃ አፍልተው ካልፈላው ጎን ለጎን ይሞክሩ፦ ኢንዶቶክሲን መፍላትን ይችላል፣ ፕሮቲኑ ግን አይችልም። የፈላውም ያው ምላሽ ከሰጠ ምንጩ ኢንተርሉኪን-2 አይደለም። አምራቹን ከመክሰስዎ በፊት የጨመሩትን አልቡሚንና ውሃ ለብቻቸው ይፈትሹ፤ ርካሹ የላብ አልቡሚን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል።

ኢላይዛ አለ ይላል፣ ሴሉ የለም ይላል

ኢላይዛ (ፕሮቲንን በፀረ-አካል የሚለካ ሙከራ) የፕሮቲኑን መኖር እንጂ መሥራቱን አይነግርም፤ ቅርጹ የተበላሸም ሊነበብ ይችላል። ሥራውን ለመለካት የነቁ ቲ-ሴሎችን ያለ ኢንተርሉኪን-2 አሳድረው፣ 15 ደቂቃ በኢንተርሉኪን-2 ካነቃቁ በኋላ ፎስፎ-ስታት5ን (ተቀባዩ ሲነቃ ሴሉ ውስጥ ፎስፌት የሚጨመርበትን ፕሮቲን) ይለኩ። ሲቲኤልኤል-2 የሚባለው የአይጥ ሴል ካለዎትም ይጠቀሙበት፦ የሰው ኢንተርሉኪን-2 ይበቃዋል፣ ካላገኘ ግን በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። አዲሱ ቪያል እዚህም ካልሠራ፣ ጎን ለጎን የተሞከረው የቀድሞው ሎት ግን ከሠራ፣ ሁለቱን የምላሽ መስመሮች ከሎት ቁጥሩ ጋር አያይዘው ለአምራቹ ይላኩ።