ፒክአፑ ነዳጅ መብላት ሲጀምር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

መንገዱ ያው ነው፣ ጭነቱም ያው ነው። ነዳጁ ግን ከለመዳችሁት ቀን ቀድሞ ያልቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወዲያው ኤንጂኑን ይጠረጥራል። ኖዝል (ነዳጁን ወደ ኤንጂኑ የሚረጨው) ይፈታል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ ፖምፓ ይነካካል። እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ለኩ፣ ቀጥሎ ጎማና ፍሬን እዩ፣ ኤንጂኑ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ፒክአፕ ከባድ ነው። እንዳይንከባለል የሚይዘው ነገር ካለ፣ ኤንጂኑ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ነዳጅ ይጨርሳል።

በእርግጥ በላ ወይስ መሰላችሁ?

የነዳጅ መርፌው አያስተማምንም። ታንኩን ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ እንደገና ሙሉ፤ ቢቻል እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ። ሁለተኛ ጊዜ የገባውን ሊትር በሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር አካፍሉና በ100 አባዙ። 36 ሊትር ከገባ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር በልቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ፤ ሦስቴ ለኩ።

በቅርቡ ትልቅ ጎማ አስገብታችሁ ከሆነ ሂሳቡ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ቆጣሪው የሚቆጥረው በድሮው ጎማ ልክ ነው። የአዲሱ ጎማ ዙሪያ በ5 በመቶ ከበለጠ፣ ቆጣሪው 300 ሲል መኪናው 315 ሄዷል። ያም ሆኖ ትልቅና ጥርሱ ሻካራ ጎማ በራሱ ነዳጅ ይጨምራል።

የነዳጅ ሽታ ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ተዉትና የሚያፈሰውን ቦታ ፈልጉ። እሱ ከወጪም በላይ የእሳት አደጋ ነው።

የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ መኪናው ቶሎ ይቆማል

እኔን ያስተማረኝ ይህ ነው። ፒክአፔ ነዳጅ መብላት ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሁለት ኖዝል ተቀየረለት፤ ፍጆታው ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ማታ ከጋቢና ስወርድ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ዞሬ አየሁት። እጄን ወደ ቀኙ የኋላ ቸርኬ ሳስጠጋ፣ ገና ሳልነካው ወላፈኑ መዳፌን መታኝ። የግራው ለብ ብሎ ብቻ ነበር። ለካ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ በዝገትና በጭቃ ተይዞ አልመለስ ብሏል፤ መኪናው ቀኑን ሙሉ አንድ እግሩን እየጎተተ ነበር የሚሄደው። ሽቦው ተቀየረ፣ የፍሬን ሸራው ተጸዳ። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ስለቅ መኪናው በራሱ ሲንከባለል ልዩነቱ ከመቀመጫዬ ይሰማኝ ነበር።

እናንተም ይህን ሞክሩ። ፍሬን ብዙ ሳትይዙ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱና ውረዱ። መዳፋችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ፤ እንዳትነኩት፣ ያቃጥላል። አንዱ ከአቻው በግልጽ ከበለጠ ፍሬኑ ይዟል። የኋላው ከሆነ የእጅ ፍሬን ሽቦውን እዩ። የፊቱ ከሆነ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒን ደርቆ ይሆናል፤ ተጸድቶ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀባል። የፍሬን ጎማ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይቱን አልመልስ የሚልበት ጊዜም አለ። መካኒኩ የማስተንፈሻዋን ቡሎን ሲፈታ የተያዘው የመኪናው ጎማ ወዲያው ከተለቀቀ፣ ቱቦው መጠርጠር አለበት።

የጎማ ንፋስም ከዚሁ ወገን ነው። ትክክለኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ብዙ ፒክአፕ ላይ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ቁጥር አለ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው የኋላው ጎማ ላይ ነው። የምትለኩት ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ደግሞ አላይመንት አስደርጉ።

አስፋልት ላይ መሪው ሲጠመዘዝ ከከበደና መኪናው ከተንገጫገጨ፣ ፎር ዊሉ (አራቱንም ጎማ የሚያዞረው ማርሽ) ሳይፈታ ቀርቶ ይሆናል። ይህ ነዳጁንም ይበላል፣ ማርሹንም ይጎዳል።

የሙቀት መርፌው መሃል አይደርስም

ብዙ ሰው መርፌው ዝቅ ሲል ደስ ይለዋል። መደሰት ግን የለበትም። ኤንጂን የሥራ ሙቀቱ ላይ ካልደረሰ ኤንጂኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ነዳጅ ይጨምርለታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታት ነው፤ ኤንጂኑ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋው ዕቃ ማለት ነው። ጠዋት አስነሱና የራዲያተሩን የላይ ቱቦ ከማራገቢያው ርቃችሁ ዳስሱ። ደህና ቴርሞስታት ከሆነ ቱቦው ለተወሰነ ደቂቃ ቀዝቅዞ ይቆይና ከዚያ በኋላ ነው የሚሞቀው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ካለ ቴርሞስታቱን ቀይሩ። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን ይታያል። አውጥቶ ጥሎ ያለ ቴርሞስታት መንዳት መፍትሄ አይደለም፤ ያው ችግር ነው።

ጥቁር ጭስ

የናፍጣ መኪና ከሆነ፣ ጥቁር ጭስ ማለት ለገባው ነዳጅ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩት። ከዚያ ከተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ኤንጂኑ የሚያስገባው) የሚወጡትን ቱቦዎች ተከተሉ። ጉልበት ሲሰጥ የሚያፏጭ ድምፅ ወይም መጋጠሚያው ላይ የዘይት እርጥበት ካለ፣ እዚያ ጋ አየር እያመለጠ ነው። ኖዝል የሚፈተሸው ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ነው።

ቤንዚን ከሆነና ቼክ ኢንጂን ከበራ ስካነር ይገባ። የኦክስጅን ሴንሰር ወይም የአየር መለኪያው ሲበላሽ ኮምፒውተሩ በተሳሳተ መረጃ ነዳጅ ያፈሳል። ዘመናዊ ቤንዚን ኤንጂን ላይ የቆሸሸ ማጣሪያ ይበልጥ የሚቀንሰው ጉልበት ነው፤ ፍጆታው ላይ ያለው ተጽዕኖ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም።

ኤንጂኑ ይጮኻል፣ መኪናው አይፈጥንም

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። በ4ኛ ማርሽ ዳገት ላይ የነዳጅ ፔዳሉን ጫን በሉ። አርፒኤሙ (ኤንጂኑ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል፤ ይቀየር።

ሁሉም ደህና ሆኖ ቢገኝስ?

ያኔ አነዳዳችንን እንይ። ከ90 ወደ 110 ስትወጡ የአየሩ ግፊት በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ፒክአፕ ደግሞ ፊቱ ሰፊ ነው። ባዶውን የሚዞር የጣሪያ ዕቃ መጫኛ አውርዱ። ካሶኒው ውስጥ የተረሳውን አሮጌ ብረትም አውጡ። ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁ ኤንጂኑን አጥፉ፤ ቆሞም እየበላ ነው።

የካሶኒውን የኋላ መዝጊያ ከፍቶ መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውን አትመኑ። መዝጊያው ሲዘጋ አየሩ ካሶኒው ውስጥ እየዞረ ይቀመጣል፤ ከላይ የሚመጣው ነፋስም በላዩ ይንሸራተታል። ሲከፈት ያ ትራስ ይጠፋል። ስለዚህ ዝጉት።