ቡታን ለበዓል ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሂማላያ ተራሮች መካከል የምትገኘው ቡታን በየአውራጃዋ ጼቹ የተባለ ዓመታዊ በዓል ታከብራለች። የሚታሰበው ጉሩ ሪንፖቼ ነው፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የቡድሃን እምነት ወደዚያ ምድር እንዳመጣ የሚነገርለት ቅዱስ። ጭንብል ያጠለቁ መነኮሳትና ምእመናን ዞንግ በሚባለው፣ ምሽግም ገዳምም በሆነው ሕንፃ ግቢ ቀኑን ሙሉ ይወዛወዛሉ። ሕዝቡ ይህን ማየት በራሱ በረከት ያሰጣል ብሎ ያምናል። ተጓዡ አብዛኛውን ስህተት የሚሠራው ትርዒት ላይ የተገኘ ስለሚመስለው ነው። የቆመው ግን አምልኮ መሃል ነው።

በዓምናው ቀን ትኬት መቁረጥ። በዓላቱ የሚውሉት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል። የፓሮ አውራጃው በማርች ወይም በኤፕሪል፣ የዋና ከተማዋ የቲምፉው በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ይውላል። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ዴልሂ ወይም ባንኮክ ደርሶ በድሩክ ኤር ወይም በቡታን ኤርላይንስ ወደ ፓሮ ይሻገራል። በበዓል ሰሞን ወንበር ቶሎ ያልቃል። የፓሮ አውሮፕላን ማረፊያ በተራሮች የተከበበ በመሆኑ አየሩ ከከፋ በረራው ይዘገያል፤ ስለዚህ በዋዜማው ለመድረስ አያቅዱ።

የቀን ክፍያውን ከሒሳብ ማውጣት። መንግሥት ከአብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚ ለእያንዳንዱ አዳር 100 ዶላር ያስከፍላል። ሆቴል፣ ምግብና አስጎብኚ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ቪዛውም ለብቻው 40 ዶላር ነው።

ለአንድ ሰዓት ገብቶ መውጣት። እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ውዝዋዜው ቀስ ያለና የሚደጋገም ስለሆነ ጎብኚው ጥቂት ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ የአገሬው ቤተሰብ ግን ምሳውን ይዞ መጥቶ ሙሉ ቀን ይቀመጣል። ቸኩሎ የወጣ ሰው ከሚያመልጡት አንዱ የሙታን ፍርድ ነው። የሞት ጌታ የሆነው ሺንጄ በግዙፍ ምስል ተመስሎ ይገባል፤ በአንድ ወገን ነጩ ጠባቂ፣ በሌላው ጥቁሩ ጋኔን ስለ ሟቹ ይከራከራሉ። ሥራው በነጭና በጥቁር ጠጠር ይመዘናል። ኃጢአተኛው በተዘረጋ ጥቁር ጨርቅ ላይ ወደ ሲኦል ይነዳል፤ ጻድቁ በነጭ ጨርቅ ላይ ወደ ገነት ይሸኛል። ይህን ጊዜ ፊትዎን ከመድረኩ ወደ ተመልካቹ ያዙሩ፤ ሽማግሌዎቹ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በከንፈራቸው ሲጸልዩ ያያሉ።

የፓሮን የመጨረሻ ንጋት በእንቅልፍ ማሳለፍ። በፓሮ በዓል መዝጊያ ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ቶንግድሮል የተባለው ከሐር ቁራጮች የተሰፋ ግዙፍ ምስል በሕንፃው ግድግዳ ላይ ይዘረጋል። ሰው ተሰልፎ ጫፉን በግንባሩ ይነካል። የፀሐይ ጨረር እንዳያርፍበት ስለሚፈለግ በማለዳው ተጠቅልሎ ይገባል። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ንጋቱ ይበርዳል፤ ወፍራም ልብስ ይዘው በሌሊት ይነሱ።

በካሜራ መዳፈር። ታቦት ሲወጣ መንገድ ዘግቶ ራሱን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ምን ያህል እንደሚያስቆጣ እናውቃለን። እዚያም ወደ መወዛወዣው ሜዳ መግባት፣ ፍላሽ ማብራት፣ በቤተ መቅደስ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። በቡምታንግ አውራጃ በጃምቤ ላካንግ ቤተ መቅደስ በዓል በእኩለ ሌሊት ራቁት የሚወዛወዙ ወንዶች አሉ፤ ያኔ ስልክዎን ከኪስዎ አያውጡ።

ለቱሪስት ጉብኝት መልበስ። ሕዝቡ ያለውን ምርጥ ልብስ፣ ወንዱ ጎ፣ ሴቷ ኪራ ለብሰው ይመጣሉ። ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ አይሆንም፤ ግቢው ውስጥ ኮፍያ ይወልቃል። ጎ መልበስ ከወደዱ ማንም አይቆጣም፤ ወንዶች ትከሻቸው ላይ የሚያደርጉት ካብኔ ግን በቀለሙ ማዕረግ ያሳያል። ቢጫው የንጉሡና የመነኮሳቱ አለቃ የጄ ኬንፖ ነው። ቤተ መቅደስንና የጸሎት መዘውርን ሲዞሩ ደግሞ በቀኝዎ በኩል እያደረጉ ይዙሩ።

በአጻራዎች መቀየም። ቀይ ጭንብል ያጠለቁ፣ የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው እንጨት ይዘው በሰዉ የሚያሾፉ የበዓሉ ቀልደኞች ናቸው። ልጅ ይዞ የሄደ ወላጅ ሊደነግጥ ይችላል፤ በዚያ አገር ግን ያ ቅርጽ ክፉ መንፈስን ያርቃል ተብሎ በቤት ግድግዳ ላይም ይሳላል። አጻራዎቹ የተወዛዋዡን ልብስ ያስተካክላሉ፣ ሕዝቡን ሥርዓት ያስይዛሉ። ወደ እርስዎ ከመጡ አብረው ይሳቁ፤ ምጽዋት ከጠየቁም ትንሽ ገንዘብ ይስጡ።

ከሁለቱ ትልልቅ በዓላት ሌላ አለማየት። ፓሮና ቲምፉ በጎብኚ ይጨናነቃሉ። እንደ ቡምታንጉ ኡራ ባለ የመንደር በዓል ከነዋሪው ጎን ተቀምጠው ያያሉ። የመንደር በዓል ቀን በመጨረሻ ሰዓት ሊሸጋሸግ ስለሚችል፣ ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ቀን ክፍት አድርገው ከአስጎብኚዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።