የአጥንት መሳሳት ቪዲዮ ከማሳየታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ

ስለ አጥንት መሳሳት የሚያስተምር ቪዲዮ ለሰው ስታሳዩ ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ ይበተናል። በማግስቱ የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት «የመጀመሪያ ምልክቱ ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ ግምቱን ጮክ ብሎ ይናገር። ብዙዎች «የአጥንት ሕመም ነዋ!» ይላሉ።

ከዚያ ክፈቱት። አጥንት እስኪሰበር ድረስ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት እንደማይታይ የሚነገርበት ቦታ ሲደርስ አቁሙትና አውሩበት። በተለይ ዳሌ፣ አከርካሪና የእጅ አንጓ እንደሚሰበሩ እዚያው አንሱ። ሰው ገምቶ የሳተውን ነገር ዝም ብሎ ከሰማው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው።

ቁመቱ ከበፊቱ ላጠረ ወይም በቀላል መውደቅ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ግን ቪዲዮ አይበቃም። ቀጥታ ሐኪም ጋ ሄዶ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ይጠይቅ።